ሐረጉን የቆረጠች ልዕልት

የአስካል መንግሥት ሰባት መቶ ዘመን የቆመው በጦር አልነበረም፤ በአንዲት የወይን ተክል ነበር። ይህን የሚክድ ካለ ቀርቦ ይከራከረኝ! እናት ወይን ይሏታል። ግንዷን ሦስት ጎልማሶች እጅ ለእጅ ተያይዘው አቅፈው አይጨርሱትም፤ ዳሷ ከቤተ መንግሥቱ አደባባይ ተነስቶ እስከ ምሥራቁ ቅጥር ይዘልቃል። በሺህ መንደሮች ውስጥ በየጓሮው የተንሰራፋው ወይን ሁሉ የእርሷ ልጅ፣ የልጅ ልጅ ነው። የአስካል ሰው የሚጠጣው ከወይኑ ነው፤ እህል የሚገዛው ከወይኑ ነው፤ ልጁን የሚድረውም ከወይኑ ነው።

ከግንዷ ሥር በቆመው ጥቁር ድንጋይ ላይ ሁለት ሕግ ተቀርጿል። አንደኛው «ከንጉሥ ዘር በቀር ማንም እጅ አይንካኝ» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «ሐረጌን በብረት የቆረጠ፣ ሐረጉ ከዙፋን ይቆረጥ» ይላል። ሐረግ የወይኑም ቅርንጫፍ ነው፤ የሰውም የትውልድ መስመር ነው። የጥንቱ ሕግ አውጪ ሁለቱን በአንድ ቃል ቋጥሮ አለፈ። እናም ሰባት መቶ ዘመን ሙሉ ያቺ ተክል ስለት ሳይነካት እንዳሻት አደገች፤ ቅጠል በቅጠል ላይ ተደራርቦ ከዳሷ ሥር ቀትርም ምሽት ይመስል ነበር።

ንግሥት ወለላ በነገሠች በሃያኛው ዓመት፣ በቅርንጫፍ በዓል ማለዳ፣ ምልክት ታየ። የእናት ወይን ቅጠሎች ነጭ ዱቄት የተነሰነሰባቸው መስለው አደሩ። የራእይ ፈቺዎች አለቃ በግንባሩ ተደፋና «ግርማዊት ሆይ፣ ሰማይ ባረከን!» ሲል ጮኸ። ንግሥቲቱም ከዙፋኗ ተነስታ እጇን ዘረጋች።

«የአስካል ሕዝብ ስማ! አባቶቻችን ያላዩትን ቡራኬ በእኛ ዘመን አየን። ይህ ዱቄት የማያልቅ እንጀራችን ነው። ከእናታችን ለጋ ቅርንጫፍ በእጄ ቀንጥሼ እሰጣለሁ፤ ከእያንዳንዱ መንደር ዳስ ላይ ይሰቀል፤ ከቡራኬው የሚቀር ጓሮ አይኑር!»

እልልታው ምድር አንቀጠቀጠ። ሺህ ፈረሰኞች ሺህ ቅርንጫፍ ይዘው በሺህ አቅጣጫ ጋለቡ። ወይ ጉድ! በሽታን በእልልታ ተቀብሎ በፈረስ ያከፋፈለ ሕዝብ ከእኛ በቀር ማን አለ?

ሁለት ወር አልሞላም። በየመንደሩ የወይን ቅጠል ነጭ ለበሰና ተኮማተረ። ለጋው ፍሬ ሳይበስል እየተሰነጠቀ ዘሩ ወደ ውጭ አፈጠጠ፤ ጓሮው ሁሉ የሻጋታ ሽታ ሸተተ። ሕዝቡ ግን ምን ቢል ጥሩ ነው? «ቡራኬው አነሰን» አለ። ቤተ መንግሥቱም ደግሞ ላከለት!

ንግሥት ወለላ አንዲት ልጅ ነበረቻት፤ ልዕልት ጸዳለ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ከመከሩ ማግስት እናቷ ዘውዱን ልታወርሳት ቃል ስለ ገባች፣ ለመንገሥ መቶ ቀን ቀርቷታል። ነገር ግን ጸዳለን የፈለገ ሰው በእልፍኝ አያገኛትም፤ ከአለቃ ልመንህ ጋር በጎመኑና በቀይ ሥሩ መደብ መካከል ነው። አለቃ ልመንህ የቤተ መንግሥቱ አትክልተኞች አለቃ ነው፤ ሽማግሌ ነው፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ቅጠል እያስነበበ ያሳደጋት እርሱ ነው። በአገሩ ከርሱ የተሻለ የተክል ሐኪም አልነበረም። ግን እናት ወይንን ሊነካት አይችልም፤ የንጉሥ ዘር አይደለማ! ሃምሳ ዓመት ሙሉ ከአሥር እርምጃ ርቀት ቆሞ ሲያያት ኖሯል።

«አባባ፣ ምን ሆና ነው?» አለችው ጸዳለ።

«ሐኪም በሽተኛውን በአጥር ቀዳዳ አይቶ ያውቃል?» አለ ተቆጥቶ። «ከአሥር እርምጃ ላይ ዱቄትና ውርጭን የሚለይ ዓይን የለኝም። የሚነኩት አያውቁም፤ የሚያውቀው አይነካም። እንዲህ ነው አገር የሚጠፋው!»

ልዕልቲቱ ወደ እናት ወይን ሄዳ አንድ ቅጠል በእጇ በጥሳ አመጣችና በመዳፉ ላይ አስቀመጠች። ሽማግሌው ገለበጠው፤ በአውራ ጣቱ አሸው፤ ዱቄቱ ሲነሳ ከሥሩ ቅጠሉ ቡናማ ሆኖ ታየ። አሸተተው።

«ልጄ፣ ይህ ቡራኬ አይደለም። አመዳይ ነው። የቅጠል ሻጋታ ነው። ነፋስና ፀሐይ በማይገባበት ጥቅጥቅ ባለ ዳስ ውስጥ ይራባል፤ በነፋስም ከጓሮ ጓሮ ይዞራል። እኛ ደግሞ ነፋስ እንዳይደክም ብለን በፈረስ ጫንለት!»

«መድኃኒቱስ?»

«ድኝ ነው። ቢጫው ድንጋይ፣ ተፈጭቶ ቅጠል ላይ የሚነሰነስ። ያልታመመውን ቅጠል ይጠብቃል።»

«የታመመውንስ?»

አለቃ ልመንህ ዓይኑን ወደ ጥቁሩ ድንጋይ መለሰ። «የታመመው ይቆረጣል፤ ይቃጠላል። ለእናት ወይን ግን... እሱን ስንደርስ እናወራዋለን። አሁን ሳይቃጠል በቅጠል ነው።»

ጸዳለ በዙፋኑ ፊት ቆማ ያወቀችውን ስትናገር ሹማምንቱ አጉረመረሙ። የራእይ ፈቺዎች አለቃ «ድኝ የእርግማን አመድ ነው! በቡራኬ ላይ እርግማን ልትነሰንሺ?» አለ። ንግሥቲቱም ፊቷ ጠቆረ፤ ቡራኬ ብላ ያወጀችው እርሷ ናትና።

«ልጄ፣ የእናትሽን ቃል በሕዝብ ፊት ታጥፊያለሽ?»

«እናቴ ሆይ፣ ቃልዎን አላጥፍም፤ ማስረጃ ይዤ እመለሳለሁ። በእናት ወይን ግንድ እምላለሁ፤ ከእሳተ ጉሮሮ ተራራ ድኙን ሳላመጣ፣ የሕዝቡን ጓሮ ሳላድን፣ ዘውድ በራሴ ላይ አይውጣ!»

ንግሥቲቱ ኩሩ ነበረች፤ ግን ልጇን ታውቃታለች። ጠባቂ ይሆናት ዘንድ ሻለቃ መብረቁን ሰጠቻት። መብረቁ ማለት ድምፁ ሦስት ሸለቆ ተሻግሮ የሚሰማ፣ ሳይፎክር ቁርስ የማይበላ ጀግና ነው። ገና ከበሩ ሲወጡ ጋሻውን መትቶ ጀመረው፦

«ዘራፍ! መብረቁ የገደል ጎረቤት፣
ጠላቱን የሚሸኝ ሳይገባ ከቤት!»

«ጠላታችን እኮ በዓይን አይታይም» አለው አለቃ ልመንህ።

«ፈሪ ስለሆነ ነው!» አለ መብረቁ።

በሦስተኛው ቀን ጥድ አፋፍ የሚባል መንደር ደረሱ። ዳሱ ሁሉ ነጭ ነው። ከወንዙ ማዶ ግን፣ ከመንደሩ ተነጥሎ በቆመ አንድ ቤት ጓሮ፣ ወይኑ ለምልሞ ፍሬው እንደ ዶቃ ተደርድሯል። የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ አመለወርቅ ትባላለች። ስሟን ያወጣላት ሰው ምን አስቦ እንደሆነ አላውቅም፤ አመሏ ግን ወርቅ አይደለም።

«እማማ፣ የርስዎ ወይን ምን ቢያገኝ ነው እንዲህ ያማረው?» አለቻት ጸዳለ።

«ምን ያገኛል? የተነፈገ ነው እንጂ!» አለች ወይዘሮዋ። «ያ የቡራኬ መልእክተኛ አምና ፈረሱ ጎመኔን ቢበላው ትንሽ ሰደብኩት። ትንሽ ነው! ዘንድሮ ቅርንጫፉን ይዞ በደጄ ላይ አልፎ ሄደ። ከሺህ መንደር ቡራኬ ያጣሁ እኔ ብቻ! ሦስት ቀን እህል አልቀመስኩም።»

ጸዳለና አለቃ ልመንህ ተያዩ። ማስረጃው ይኸው! በአገሩ ሁሉ ቡራኬ ያልደረሰው ጓሮ አንድ ነው፤ ያልታመመውም ጓሮ እርሱ ነው።

ይህን ሲነጋገሩ ከጎመኑ መደብ «ዘራፍ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። መብረቁ ቀይ ጀርባቸው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያለባቸውን ጥንዚዛዎች በጋሻው ጠርዝ እየጨፈለቀ ነው። ወይዘሮ አመለወርቅ መጥረጊያዋን አንስታ ጀግናውን ከማጅራቱ አቀመሰችው።

«አንተ መዓት! ወታደሮቼን ትፈጃለህ?»

ጸዳለ የጎመኑን ቅጠል ገልብጣ አሳየችው። ክሽክሽ የሚባሉት ግራጫ ነፍሳት ተፋፍገው የቅጠሉን ውኃ ይመጥጣሉ፤ አንዱ ቀይ ጥንዚዛ በመካከላቸው እየዞረ አንድ በአንድ ይለቅማቸዋል። «ሻለቃ፣ የገደልከው ጠላትህን የሚበላልህን ነው» አለችው። መብረቁ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አፈረ።

እሳተ ጉሮሮ የደረሱት በዐሥረኛው ቀን ነው። ተራራው ከአፉ ቢጫ ጭስ ይተፋል፤ ከጭሱ ሥር ድኙ በየዓለቱ ላይ አብቧል። አፋቸውን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍነው ሲወጡ ጭሱ ተከፈለና ዖፈ ድኝ ታየች። ከጥንት የተራራው ጠባቂ ናት፤ ላባዋ የጋለ ናስ ይመስላል፤ ክንፏን ስትዘረጋ ፀሐይ ተከለለች።

«የሰው ልጆች!» አለች። «ቢጫውን ድንጋይ የሚወስድ፣ ከሚኮራበት ነገር አንዱን ትቶልኝ ይሂድ። ይህ የተራራው ሕግ ነው።»

ጸዳለ ወደ ፊት ወጣች። «እኔ የአስካል አልጋ ወራሽ ነኝ። ዘውዴን ውሰጂ።»

ወፊቱ ሳቀች። «ገና ራስሽ ላይ ያልወጣውን? የሌለሽን አትስጪኝ፤ ለእርሱ ሌላ ቀን አለው።»

«ዓይኔን ውሰጂ» አለ አለቃ ልመንህ።

«ደክሟል፤ አንተም አትኮራበትም።»

መብረቁ ጉሮሮውን ጠረገ። ከልጅነቱ ጀምሮ ያ ድምፅ ነበር ሀብቱ፤ ሠራዊት ሲሸሽ የመለሰበት፣ እናቱ በሩቅ ሰምታ «መጣልኝ» የምትልበት። ጋሻውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ልዕልት ሆይ፣ በጎመን መደብ ላይ ያሳፈርሽኝን ዛሬ አጠፋዋለሁ። አንቺ ወፍ! ድምፄን ውሰጂ። ግን አንድ ጊዜ ልጠቀምበት።»

ፎከረም። ስለ ራሱ አልፎከረም፤ ስለ ሺህ ጓሮ ፎከረ፣ ስለ ለጋ ፍሬ ፎከረ፣ መጥረጊያ ስላነሳች ስለ ወይዘሮ አመለወርቅም ፎከረ። ተራራው ሁሉ አስተጋባ። ሲጨርስ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልወጣም። ጸዳለ አቅፋው አለቀሰች፤ እርሱ ግን ጆንያውን አንስቶ ድኙን መሙላት ጀመረ።

ሲመለሱ ሥራው በስህተት ተጀመረ። መብረቁ ቸኩሎ ነበር፤ አለቃ ልመንህ ዕረፍት ላይ ሳለ በአንድ መንደር ዳስ ላይ ድኙን በጠራራ ቀትር ነሰነሰው። በማግስቱ ቅጠሉ ተለብልቦ ተገኘ። መንደርተኛው ዱላ ይዞ ወጣ። «ነጩን መቅሰፍት በቢጫ ለወጣችሁልን?» አለ ጭቃ ሹሙ። ድሮ ቢሆን መብረቁ ዐሥር ዲስኩር ይደረድር ነበር። አሁን ግን ዝም ብሎ በሕዝቡ ፊት ተንበረከከ፤ ግንባሩንም አፈር አስነካ። ሕዝቡ ያንን ጀግና እንዲያ ሲያየው ዱላውን ጣለ።

«ድኝ በጠራራ ፀሐይ አይነካም» አለ አለቃ ልመንህ። «በማለዳ፣ ጤዛው ሲደርቅ፣ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ እንደ ጨው በስሱ ነው። በፊት ግን የታመመውን ቆርጣችሁ አቃጥሉ፤ ዳሱን አሳሱት፤ ነፋስና ፀሐይ ይግባበት።»

ጸዳለም እጅጌዋን ሰብስባ አሳየቻቸው። ማጭዱን ከአንዱ ግንድ ወደ ሌላው ስታዞር ስለቱን በእሳት ታሳልፈው ነበር፤ በሽታውን በገዛ እጇ እንዳታዞረው። ከመንደር መንደር ሄዱ፤ የተማረው ሌላውን አስተማረ። በአርባ ቀን ሺህ ጓሮ ጠራ። የአስካል ገበሬ እኮ አንዴ ከገባው የሚያቆመው የለም!

ደስታው ግን ዐሥር ቀን አልቆየም። ከወደ ቤተ መንግሥቱ ነፋስ ነፈሰ፤ ነጩ ዱቄት በለጋው ቅጠል ላይ ተመልሶ ታየ። ጸዳለ የነፋሱን አቅጣጫ አየችና ሁሉ ነገር ገባት። እናት ወይን በዚያ ጨለማ ዳሷ ውስጥ ሆና በየቀኑ በሽታውን ለልጆቿ ትልክ ነበር።

በቤተ መንግሥቱ አደባባይ ሕዝብ ተሰብስቦ ነበር። ጸዳለ የመግረዣ ማጭድ ይዛ ገባች፤ ከኋላዋ አለቃ ልመንህና መብረቁ ነበሩ። ንግሥት ወለላ ማጭዱን ስታይ ከዙፋኗ ብድግ አለች።

«ልጄ! ድኙን ነስንሺባትና ተዪያት። ስለ ቡራኬው ተሳስቻለሁ፤ በሕዝብ ፊት አምናለሁ። ብረቱን ግን አስቀምጪ። ዘውድሽ እኮ ነው! የሰባት መቶ ዘመን ዘራችን እኮ ነው!»

«እናቴ ሆይ፣ ድኝ ለጤነኛው ነው። ከላይ ብነሰንስ ውስጧ አይደርስም፤ ሌላ ሰው እንዳላስቆርጥም ሕጉ ከእኛ ዘር በቀር ማንም አይንካት ይላል። ከመቁረጥ በቀር መንገድ ቢኖር በተራራ ላይ በእግሬ እፈልገው ነበር።» ወደ ሕዝቡ ዞረች። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እኛ መደበቅ አነሰንና በሽታችንን አነገሥነው። አባቶቼ በዚህች ተክል ኮርተው ኖሩ፤ እኔም እኮራባታለሁ። ስለምኮራባትም አክሜያት እወርዳለሁ እንጂ፣ ገድያት አልነግሥም። ሺህ ጓሮ ደርቆ አንድ ዙፋን ከሚለመልም፣ አንድ ዙፋን ደርቆ ሺህ ጓሮ ይለምልም!»

ማጭዱን በእሳት አሳልፋ የመጀመሪያውን ሐረግ ቆረጠች።

ቅርንጫፉ ሲወድቅ ከሰባት መቶ ዘመን በኋላ የፀሐይ ብርሃን የእናት ወይንን ግንድ ነካው። አዋጅ ነጋሪው ግዴታው ነውና፣ እያለቀሰ «ሐረገ ወለላ ከዙፋን ተቆረጠ!» ሲል ለፈፈ። ጸዳለ ሁለተኛውን ቆረጠች፤ ሦስተኛውንም። ወደ እናቷ ለመዞር ግን ድፍረት አጣች። ሺህ ጓሮ አድና የእናቷን ልብ ሰብራ እንደሆነ እንዴት ታውቃለች?

ከኋላዋ የእግር ኮቴ ሰማች። ንግሥት ወለላ ዘውዱን ከራሷ ላይ አውርዳ በጥቁሩ ድንጋይ ላይ አስቀምጣዋለች። ካባዋን ጥላ እጅጌዋን ወደ ላይ ሰብስባለች።

«ልጄ» አለች፣ «የትኛውን ቅርንጫፍ ልያዝልሽ?»

ያኔ ነው ጸዳለ ያለቀሰችው። እናትና ልጅ ሦስት ቀን ሙሉ ቆረጡ፤ የቆረጡትንም በአደባባዩ አቃጠሉ። የቀረው ግንዱና ጥቂት ጤነኛ ቅርንጫፍ ብቻ ነበር፤ እርሱንም በማለዳ በስሱ ድኝ ነሰነሱት። ነፋሱ ከዚያ ወዲያ ነጭ ዱቄት ይዞ አልመጣም።

መሳፍንቱ ከሌላ ቤት ንጉሥ ወንዳፍራሽን አነገሡ። ክፉ ሰው አልነበረም። የመጀመሪያ አዋጁም ከድንጋዩ ላይ አንደኛውን ሕግ ማስፋቅ ነበር። በዚያ ቀን አለቃ ልመንህ አሥሩን እርምጃ በቀስታ ተራመደና እጁን በእናት ወይን ግንድ ላይ አሳረፈ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

ጸዳለም ከግንዱ አጠገብ በተሠራች ጎጆ ከእናቷ ጋር መኖር ጀመረች። በሦስተኛው ዓመት እናት ወይን አፈራች፤ እንዲያ ያለ ፍሬ የአስካል ምድር አይቶ አያውቅም። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ከሺህ መንደር ሕዝብ ይመጣል፤ ሁሉም በእጁ የታመመ ቅጠል ይይዛል። አንዱ ዋግ የመታው የባቄላ ቅጠል፣ አንዱ ትል የበሳው ጎመን። ወረፋውን የሚያስከብረው መብረቁ ነው። ድምፅ የለውም፤ ግን ዓይኑን ሲያፈጥ የሚጋፋ የለም።

አንድ ማለዳ ንጉሥ ወንዳፍራሽ ቢጫ ነጠብጣብ የወጣበት የሎሚ ቅጠል ይዞ መጣ። ከፊቱ ወይዘሮ አመለወርቅ ቆማለች። አንድ ባለሟል ቀረብ ብሎ በጆሮዋ «እማማ፣ ንጉሡ ናቸው፤ ይለፉ» አላት።

«ንጉሥነታቸው ለሎሚው ምን አደረገለት?» አለች ወይዘሮዋ ሳትዞር። «እኔ ጎህ ሲቀድ ነው የመጣሁት።»

መብረቁ ጋሻውን ከፍ አድርጎ መንገዱን ዘጋ። ጸዳለ በጎጆዋ ደጅ ተቀምጣ የአንዲት ደሀ ሴት ቅጠል ገልብጣ ታያለች፤ ቀና አላለችም። ንጉሡም ዘውዱን አወለቀ፣ ፀሐዩ መሞቅ ጀምሮ ነበርና፤ በክንዱ አንጠልጥሎትም ተራውን ጠበቀ።